ሁለት ሰከንድ ብረት፦ ከክራፍትቬርክ አልበም የተነሣው የሳምፕል ክርክር

ብረት በብረት ሲመታ የሚሰማ፣ ሁለት ሰከንድ ገደማ የሚረዝም ምት ነው። የሚገኘው የዱሰልዶርፉ ባንድ ክራፍትቬርክ «ትራንስ ዩሮፕ ኤክስፕረስ» ባለው አልበም ሁለተኛ ገጽ ላይ፣ «ሜታል ኦን ሜታል» በተሰኘው ሥራ ውስጥ ነው። አልበሙ እ.ኤ.አ. በ1977 ወጣ (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ከአንድ የአዋጅ ቁጥር በቀር፣ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። በ1997 ፕሮዲዩሰሩ ሞሰስ ፔልሃም ከማርቲን ሃስ ጋር ሆኖ ያንን ምት ከቅጂው ቆረጠ (ይህ ሳምፕል ማድረግ ይባላል)፤ ፍጥነቱን በ5 በመቶ ቀንሶ፣ እየደጋገመ፣ የራፐሯ የዛብሪና ዜትሉር «ኑር ሚር» ዘፈን መደብ አደረገው። ፈቃድ አልጠየቀም። የክራፍትቬርክ መሥራቾች ራልፍ ሁተርና ፍሎሪያን ሽናይደር ከሰሱት። ሐምቡርግ ላይ በ2004 የመጀመሪያው ፍርድ ተሰጠ፤ ከዚያ ወዲህ ጉዳዩ የጀርመን ፌደራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዘንድ አምስት ጊዜ፣ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ ዘንድ አንድ ጊዜ፣ ሉክሰምበርግ ያለው የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ዘንድ ሁለት ጊዜ ቀርቧል። ሽናይደር በ2020 ሲያርፍ ክርክሩ አልተዘጋም ነበር።

«ለሁለት ሰከንድ ይህ ሁሉ?» ማለት የአብዛኛው ሰው የመጀመሪያ ስሜት ነው። ሆኖም የተያዘው ክርክር የርዝመት አይደለም። ክራፍትቬርክ በዚያ አልበም የሙዚቃውን ክብደት ከኖታ አንሥቶ ድምፁ ላይ ጣለው። ሕግ ደግሞ ኖታንና የተቀረጸ ድምፅን የሚጠብቀው በሁለት የተለያዩ መብቶች ነው። ሁለቱ መብቶች ምን ያህል እንደሚራራቁ ግልጽ ሆኖ የወጣው በዚህ ብረት ሰበብ ነው። ላፕቶፑ ላይ ቢት የሚሠራ ሰው፣ አዲስ አበባም ይቀመጥ ዋሽንግተን፣ በየቀኑ የሚረግጠው መስመር ይኸው ነው።

አልበሙ ስሙን የወሰደው የምዕራብ አውሮፓ ከተሞችን ከ1957 ጀምሮ ሲያገናኙ ከነበሩት፣ አንደኛ ማዕረግ ብቻ ከነበራቸው ፈጣን ባቡሮች ነው። የተሠራው ክሊንግ ክላንግ በተባለው የባንዱ የራሱ ስቱዲዮ ውስጥ ነው፤ ስቱዲዮው ከዱሰልዶርፍ ዋናው ባቡር ጣቢያ ብዙም በማይርቀው ሚንትሮፕ ጎዳና ላይ ነበር። አራት ሰዎች ነበሩ፦ ሁተርና ሽናይደር፣ ምቱ ላይ ደግሞ ቮልፍጋንግ ፍሉርና ካርል ባርቶስ። በሁለተኛው ገጽ ላይ የአልበሙን ስም የያዘው ሥራ፣ «ሜታል ኦን ሜታል» እና ተከታያቸው «አብትሱግ» ሳይቆራረጡ 13 ደቂቃ ገደማ ይሄዳሉ። የባቡሩ ምት ይጀምራል፣ ዜማው ይገባል፣ ከዚያ ዜማው ይወጣና ብረቱ ብቻ ይቀራል። እዚያ ላይ ነው አልበሙ ከዘመኑ የተለየው። ዘፈን የለም፣ የሚያዜም መሣሪያም የለም፤ ጆሮ የሚይዘው የብረቱን ቀለም ብቻ ነው።

ያ ቀለም እንዴት ተገኘ? የጊዜው መሣሪያ እንደ ዛሬው አልነበረም። ሚዲ የተባለው የመሣሪያዎች መነጋገሪያ ቋንቋ የመጣው በ1983 ነው። በ1977 ሲንተሳይዘርን (ድምፅን በኤሌክትሪክ የሚፈጥረውን መሣሪያ) በየደረጃው የሚያዘው ሲኩዌንሰር ትእዛዝ የሚሰጠው በኤሌክትሪክ ቮልቴጅ ነበር፤ ቮልቴጁ ከፍ ሲል ድምፁ ይቀጥናል፣ ዝቅ ሲል ይወፍራል። ክራፍትቬርክ የተጠቀመበትን ሲንታኖርማ የተባለ ሲኩዌንሰር ቦን ከተማ የነበረው የማተንና የቪኸርስ ስቱዲዮ ሠራው። ችግሩ ሚኒሙግን የመሰሉ አናሎግ ሲንተሳይዘሮች ክፍሉ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ ቃናቸው መንሸራተቱ ነው። ጠዋት የተቀዳ ክፍል ከሰዓት ከተቀዳው ጋር ላይገጥም ይችላል፤ ስለዚህ ከእያንዳንዱ ቅጂ በፊት እንደገና መቃኘት ግድ ነው። የከበሮው መሣሪያም በእጅ የተበጀ ነበር። መምቻው የብረት ዘንግ ነው፣ የሚመታውም ብረት፤ ሁለቱ ሲነካኩ የኤሌክትሪክ ወረዳው ይዘጋና ድምፁ ይነሣል። በጠንካራ ምትና በለሆሳስ ምት መካከል ልዩነት የለም። ያ ቁርጥ ያለ እኩልነት የባንዱ መታወቂያ የሆነው ከመሣሪያው ባሕርይ ነው።

አንድ መሣሪያ በተለይ ልብ ሊባል ይገባዋል፦ ኦርኬስትሮን። ቁልፎቹ ሲነኩ ውስጡ የሚዞር ግልጽ ዲስክ ላይ በብርሃን የሚነበብ ቅጂ ይሰማል፤ የኅብረ ዝማሬ ወይም የቫዮሊኖች ድምፅ። በአልበሙ ውስጥ ባቡሩን ከላይ የሚያለብሰው የቫዮሊኖቹ ድምፅ የመጣው ከዚህ ዓይነት ዲስክ ነው። እንግዲህ ክራፍትቬርክም ሌሎች ሰዎች የተጫወቱትን የተቀረጸ ድምፅ እየጠራ ይጫወት ነበር ማለት ነው። ይህን አንሥተው «ራሳቸውም ሳምፕል አድርገዋል» የሚሉ አሉ። ትክክል አይመስለንም። ዲስኩ የተሸጠው ለዚሁ ተግባር ነው፤ መሣሪያውን የገዛ ሰው ፈቃዱንም አብሮ ገዝቷል። ሆኖም ነጥቡ ጥሩ ነገር ያሳያል፦ የሰው ድምፅ መጠቀም በራሱ ጥፋት ሆኖ አያውቅም፤ ጥያቄው ሁልጊዜ ፈቃዱ ከየት መጣ ነው።

ወደ ሁለቱ መብቶች እንመለስ። «ሜታል ኦን ሜታል»ን በኖታ ብንጽፈው ጥቂት መስመር ምት ነው። ያንኑ ምት ጎበዝ ከበሮ መቺ በቆዳ ከበሮ ቢመታው ማንም «ይህ ክራፍትቬርክ ነው» አይልም። ሥራው ያለው ሌላ ቦታ ነው፦ የትኛው ብረት ተመታ፣ ማይክሮፎኑ ምን ያህል ቀረበ፣ ጭራው የት ላይ ተቆረጠ። የደራሲ ቅጂ መብት የሚጠብቀው ዜማንና ግጥምን፣ በአጭሩ በኖታና በፊደል የሚጻፈውን ፈጠራ ነው። የቀራጩ መብት ግን ሌላ ነው፤ በጀርመን የቅጂ መብት ሕግ አንቀጽ 85 ላይ ይገኛል። ይህ መብት የሚጠብቀው ገንዘብ አውጥቶ፣ መሣሪያ አሰናድቶ፣ ድምፁን የቀረጸውን ሰው ድካምና ወጪ ነው፤ ፈጠራ መኖሩን አይጠይቅም። ክራፍትቬርክ የገዛ ስቱዲዮው ባለቤት ስለነበረ ሁተርና ሽናይደር ሁለቱንም ኮፍያ አጥልቀው ቀረቡ፤ ከሁሉ ይልቅ የሠራላቸው ግን የቀራጩ ነው።

ልዩነቱን ለማየት ወደ 1982 መሄድ ይጠቅማል። ኒው ዮርክ ላይ አፍሪካ ባምባታና ሶልሶኒክ ፎርስ «ፕላኔት ሮክ»ን አወጡ፤ ፕሮዲዩሰሩ አርተር ቤከር፣ ኪቦርዱ ላይ ጆን ሮቢ ነበር። ዜማው የ«ትራንስ ዩሮፕ ኤክስፕረስ» ነው፤ ምቱ ደግሞ ከባንዱ የ1981 አልበም፣ «ነምበርስ» ከተባለው ሥራ የተቀዳ ነው። ግን አንዲት ሰከንድ እንኳ ከሸክላው አልተቆረጠችም። ሮቢ ዜማውን በእጁ ተጫወተው፣ ምቱ ሮላንድ 808 በተባለው ድራም ማሽን ላይ እንደገና ተጻፈ። ስለዚህ የተነካው የደራሲው መብት ብቻ ነው፤ የቀራጩ አልተነካም። ፔልሃም በተቃራኒው ዜማ አልወሰደም፣ ግጥም አልወሰደም፤ የወሰደው ቅጂውን ራሱን ነው። ለጆሮ ከሆነ «ፕላኔት ሮክ» ከክራፍትቬርክ የወሰደው እጅግ ይበልጣል። በቀራጩ መብት ዓይን ግን ከፔልሃም ሁለት ሰከንድ ያነሰ ነው። ሕጉን ለመረዳት የሚያስቸግረው እዚህ ላይ ነው።

የፔልሃምን ሥራ በቁጥር እናስቀምጠው። ሁለት ሰከንድ በሲዲ ጥራት፣ በሁለት ቻናል፣ 352,800 ባይት ነው፤ ለ1990ዎቹ ሳምፕለር (የተቆረጠ ድምፅ ይዞ ለሚያጫውት መሣሪያ) ቀላል ሸክም። በዚያን ጊዜ የተለመደው ድምፅን የማዘግያ መንገድ እንደ ሸክላ ማጫወቻ ነው፤ ፍጥነቱ ሲቀንስ ቃናውም አብሮ ይወርዳል። 5 በመቶ ማዘግየት በዚህ መንገድ ቃናውን ከአንድ ግማሽ ድምፅ ትንሽ ባነሰ ያወርደዋል፤ በደቂቃ 120 የነበረ ምት 114 ይሆናል። ዛሬ ሶፍትዌሩ ፍጥነቱንና ቃናውን ለየብቻ ይለውጣል። በየትኛውም መንገድ ቢሆን 5 በመቶ ትንሽ ነው፤ ምንጩን የሚያውቅ ሰው ወዲያው ይለየዋል። ይህ ነጥብ ከብዙ ዓመት በኋላ ወሳኝ ሆነ።

ፌደራል ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2008 በመጀመሪያው ውሳኔው ቁርጥራጩ የቱንም ያህል ትንሽ ቢሆን የቀራጩ መብት ይነካል አለ። ምክንያቱ ወጪ ነው፦ ቀራጩ ያወጣው ገንዘብ በሙሉው ቅጂ ላይ ስለተዘረጋ «ይህች ክፍል ያለ ወጪ የተገኘች ናት» ሊባል አይቻልም። ፍርድ ቤቱ ግን አንድ በር ተወ፤ በድሮው የጀርመን ሕግ አንቀጽ 24 የነበረው «ነጻ አጠቃቀም» ለሳምፕልም ሊሠራ ይችላል አለ። በሩ ላይ ደግሞ ዘበኛ አቆመ፦ ያንን ድምፅ ራስህ ልትሠራው የምትችል ከሆነ መቁረጥ አይፈቀድልህም።

ይህ መለኪያ ከሁሉ ይበልጥ ሊታሰብበት የሚገባው ነው። የሐምቡርጉ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ1997 በነበረ መሣሪያ የብረቱን ድምፅ መልሶ መሥራት ይቻል እንደነበር ማስረጃ ሰምቶ፣ በ2011 «ይቻል ነበር፤ ስለዚህ አልተፈቀደም» ብሎ ወሰነ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2012 አጸናው፤ መለኪያው አማካይ ችሎታና አማካይ መሣሪያ ያለው ፕሮዲዩሰር እንደሆነም ተናገረ። በወረቀት ሲነበብ ፍትሐዊ ይመስላል። ስቱዲዮ ውስጥ ግን ይፈርሳል። የብረት ምት መልሶ ለመሥራት የመጀመሪያው ሥራ ብረት መምረጥ ነው፤ ቀጭን ቆርቆሮ ይንጫጫል፣ ወፍራም ቱቦ ይደውላል፣ ባዶ ሣጥን ያጓራል። ቀጥሎ የክፍሉ ማሚቶ አለ፤ በምንጣፍ የታፈነ ክፍል ውስጥ የተቀዳ ምት በኋላ ሰው ሠራሽ ማሚቶ ቢጨመርበትም የባዶ ክፍልን ጥርስ አያገኝም። ከዚያ የቴፑ ሙቀት፣ የሸክላው ሹክሹክታ። ከነዚህ ስንቱ ሲመሳሰል ነው «ተመሳሰለ» የሚባለው? የማን ጆሮ ይፈርዳል? መለኪያው ደግሞ አማካይ ፕሮዲዩሰር ሊሠራው የማይችለውን ድምፅ መቁረጥ ይፈቅድና የሚችለውን ይከለክላል፤ ቀላሉ ድምፅ ከከባዱ ይልቅ የተጠበቀ ሆኖ ይገኛል።

የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ በግንቦት 31 ቀን 2016 ይህን መለኪያ ጣለው። ሳምፕል የሂፕ ሆፕ መለያ የሆነ የአሠራር ዘዴ ነው፤ መልሶ መሥራት ተተኪ ሊሆነው አይችልም አለ። የቀራጩ ገቢ እምብዛም በማይጎዳበት ጊዜ የኪነ ጥበብ ነጻነት ሊያመዝን ይገባል። ከዚያም በላይ ሕግ አውጪው ከፈለገ እንዲህ ያለውን አጠቃቀም ከክፍያ ጋር ሊያያይዘው እንደሚችል ጠቆመ። ከሁሉም ውሳኔዎች ውስጥ ሙዚቃው እንዴት እንደሚሠራ የገባው ይህኛው ነው ብለን እናምናለን፤ የክፍያው ሐሳብ ደግሞ ሁለቱንም ወገን ሊያስታርቅ የሚችል ነበር። የብረቱን ድምፅ ለማግኘት የደከመው ዋጋውን ያገኛል፣ አዲሱ ዘፈንም ይኖራል። ማንም አልተከተለውም።

ምክንያቱም ነገሩ ከጀርመን እጅ ወጥቶ ነበር። በ2001 የወጣው የአውሮፓ ኅብረት የቅጂ መብት መመሪያ የቀራጩን መብት ለሁሉም አባል አገሮች አንድ አድርጎታል። ሉክሰምበርግ በሐምሌ 29 ቀን 2019 ባስተላለፈው ውሳኔ እጅግ አጭር ቁርጥራጭም ቢሆን መቅዳት ነው አለ፤ ግን ድምፁ ተለውጦ በጆሮ የማይለይ ከሆነ መቅዳት አይባልም። ጥቅስ ነው ብሎ መከራከርም ይቻላል፤ ይሁንና አዲሱ ሥራ ከምንጩ ጋር መነጋገር አለበት፣ ምንጩም መለየት አለበት። የጀርመኑ «ነጻ አጠቃቀም» ግን ከመመሪያው ጋር አይስማማም ተባለ። ያ 5 በመቶ ማዘግየት ብረቱን እንዳይታወቅ አላደረገውም፤ እንደ ጥቅስም አልቀረበም።

ከዚህ ወዲህ አንድ ዘፈን ሦስት ዘመን ውስጥ ገባ። መመሪያው በሥራ ላይ መዋል ከነበረበት ከታኅሣሥ 22 ቀን 2002 በፊት የነበረው በድሮው ሕግ ይዳኛል። ከዚያ እስከ ሰኔ 7 ቀን 2021 ያለው ጥሰት ነው። ከዚያች ቀን ጀምሮ ጀርመን ለምጸት፣ ለስላቅና «ፓስቲሽ» ለተባለው የሚፈቅደውን አንቀጽ 51ሀን አወጣች፤ የሐምቡርጉ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤትም በ2022 «ኑር ሚር» ፓስቲሽ ስለሆነ ከዚህ በኋላ ተፈቅዷል አለ። ያው ዘፈን፣ ያው ሁለት ሰከንድ፣ እንደ ቀኑ ሕጋዊም ሕገ ወጥም ነው።

ፓስቲሽ ምንድን ነው? ቃሉ የሌላውን የአሠራር ዘይቤ ተከትሎ መሥራትን ያመለክታል፤ በአማርኛ አንድ ቃል የለውም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በመስከረም 2023 ይህንኑ ይዞ እንደገና ሉክሰምበርግን ጠየቀ፦ ፓስቲሽ ከነባር ሥራ ጋር ለሚደረግ ማንኛውም ጥበባዊ ውይይት የሚዘረጋ ማዕቀፍ ነው ወይስ ቀልድ፣ ዘይቤ መከተል ወይም ክብር መስጠት ይፈልጋል? የሠሪው ሐሳብስ መታወቅ አለበት ወይስ ምንጩን የሚያውቅ አድማጭ ከተረዳው ይበቃል? የሉክሰምበርጉ ፍርድ ቤት ዋና አማካሪ ኤሚልዩ በሰኔ 2025 ባቀረበው አስተያየት ቃሉ ሁሉን የሚያግበሰብስ ጆንያ እንዳይሆን አሳሰበ፤ እንዲህ ያለው አስተያየት ፍርድ ቤቱን አያስገድድም። «ኑር ሚር» የክራፍትቬርክን ዘይቤ እየተከተለ ነው ለማለት ይከብዳል። ሃርድ ራፕ ነው፤ ብረቱን የተጠቀመበት እንደ ጥሬ ዕቃ ነው። ዘፈኑን በፓስቲሽ ካባ ማልበስ ሕጉ ውስጥ የሚገባ በር ስለጠፋ የተገኘ መውጫ ይመስላል።

ቢት የሚሠራ ሰው ከዚህ ሁሉ የሚይዘው ምንድን ነው? አንድ ድምፅ ከሸክላ፣ ከካሴት ወይም ከዩቲዩብ ሲወሰድ ወዲያውኑ የዘፈኑ ስም፣ የወጣበት ዓመት፣ ደቂቃውና ሰከንዱ ይጻፍ። በኋላ የሚያስቸግረው ነገር በአብዛኛው እምቢታ ሳይሆን ምንጩን መርሳት ነው። ፈቃድ ሲጠየቅ ሁለት ደብዳቤ ያስፈልጋል፦ አንዱ ማስተሩን (የተቀረጸውን ዋና ቅጂ) ለያዘው፣ ሌላው ለዜማና ግጥም ደራሲው ወይም ለአሳታሚው። ከአንዱ እሺታ አግኝቶ ዘፈኑን መልቀቅ የተለመደ ስሕተት ነው። እምቢ ከተባለ ድምፁን መልሶ መሥራት ይቻላል፤ ያኔ የማስተሩ መብት አይነካም፣ ዜማ ካለበት ግን የደራሲው ፈቃድ ይቀራል። መልሶ ሲሠራ የሚያጋጥመው ችግር ይታወቃል፦ ለመነሻ የገባው የመጀመሪያው ሉፕ (እየተደጋገመ የሚሄደው ቁርጥራጭ) ከሥር በዝቅተኛ ድምፅ ሳይጠፋ ይቀራል፣ ወይም «ትንሽ ሥጋ እንዲሰጠው» ተብሎ ሆን ተብሎ ይተዋል። ያ ከሆነ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው። ከመጨረሻው ሚክስ በፊት ሉፑን ከፕሮጀክቱ ማጥፋትና በየደረጃው የተቀመጡትን ፋይሎች መያዝ ያስፈልጋል፤ ራስህ እንደሠራኸው የሚመሰክሩልህ እነሱ ናቸው። ዘፈንን ወደ ከበሮ፣ ባስና ድምፅ የሚለያዩት አዳዲሶቹ ሶፍትዌሮችም መብቱን አያጠቡትም፤ ተለይቶ የወጣው ከበሮ ያው የተቀረጸው ከበሮ ነው።

ይህ መለያየት በእኛም ሕግ አለ። አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲውን የቅጂ መብትና የድምፅ ቀራጩን ተዛማጅ መብት ለየብቻ ያስቀምጣል። የኢትዮጵያ ሸክላዎችም የሳምፕል ምንጭ ከሆኑ ቆይተዋል፤ ናስና ዴሚየን ማርሊ በ2010 ያወጡት «አዝ ዊ ኤንተር» የቆመው የሙላቱ አስታጥቄ «የግሌ ትዝታ» ላይ ነው። ስለዚህ አንድ የአማርኛ ሙዚቀኛ በዚህ ክርክር ውስጥ ከሁለቱም ወገን ሊቆም ይችላል፤ ቆራጭም ተቆራጭም። አሜሪካ ውስጥ ላለው ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው፦ በናሽቪል በኩል ያለውን የሚዳኘው የስድስተኛው ክልል ይግባኝ ፍርድ ቤት በ2005 «ፈቃድ አውጣ፣ ካልሆነ ሳምፕል አታድርግ» ሲል፣ ካሊፎርኒያን የሚዳኘው የዘጠነኛው ክልል በ2016 0.23 ሰከንድ በምትረዝም የጥሩምባ ድምፅ ላይ ተራ አድማጭ የማይለየው ትንሽ ነገር አያስጠይቅም አለ። ሁለቱ ከዚያ ወዲህ በአንድ አገር ውስጥ ተቃርነው ቆሙ።

በአውሮፓ ኅብረት የቀራጩ መብት ቅጂው ከታተመ ጀምሮ 70 ዓመት ይቆያል። «ሜታል ኦን ሜታል» በ1977 ስለታተመ ቅጂው እስከ 2047 መጨረሻ ይጠበቃል፤ ከጥር 1 ቀን 2048 ጀምሮ ያንን ብረት ማንም ሊቆርጠው ይችላል። የድርሰቱ መብት ግን የሚቆጠረው ከደራሲዎቹ የመጨረሻው ካረፈበት ዓመት ማብቂያ ጀምሮ፣ ደግሞ ለ70 ዓመት ነው።